ዓመቱ በማን ክንድ ይለካል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በአዲስ ከተማ የተደረገ ንግግር)




የዚህ ጉባኤ አዘጋጆች ስለ አፍ፣ ፊትና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና እንድናገር ሲጋብዙኝ ርእሱን ራሴ እንድወስን ፈቅደውልኝ ነበር። ርእሱን ለማግኘት ብዙ አልደከምሁም። ባለፉት ዓመታት ወደ እኔ እየመጡ ምክር ከሚጠይቁኝ ወጣት የጥርስ ሐኪሞች አብዛኞቹ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነውና። «ዶክተር፣ የትኛው ሥልጠና ነው የሚያጥረው?» ይሉኛል። ጥቂቶቹ ደግሞ በተቃራኒው «ረጅሙ ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ወገኖች ሥልጠናን የሚመዝኑት በዓመቱ ቁጥር ነው። ይህ መለኪያ ብቻውን ሰውን እንዴት እንደሚያሳስት ለማስረዳት፣ ማመልከቻ ከመጻፉም በፊት ምን ምን ነገር መመርመር እንደሚገባ ለማመልከት የዛሬውን ዕድል እጠቀምበታለሁ።

የተሰበሰብነው በአዲስ ከተማ በመሆኑ አንድ ምሳሌ ከመርካቶ ባመጣ ቅር እንደማትሰኙ አምናለሁ። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ፣ ወደዚህ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ ይህ ሠፈር የንግድ ሠፈር ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። እኔም የዚሁ ሠፈር ልጅ ነኝ። አባቴ በሸማ ተራ አጠገብ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። አቡጀዲ በክንድ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ብልህ ገዢ ክንደ ረጅም ዘመዱን አስከትሎ ወደ ገበያ ይመጣ እንደነበር ያጫውቱኝ ነበር። ሻጩ «አሥር ክንድ በዚህ ዋጋ» ሲል፣ ገዢው ገንዘቡን ከመፍታቱ በፊት «በማን ክንድ?» ብሎ ይጠይቃል። በአንዱ ክንድ የተለካው አሥር ክንድ ለቀሚስ ሲበቃ፣ በሌላው ክንድ የተለካው እጅጌ ያሳጥራል። ሜትር ከመጣ በኋላ ይህ ክርክር ከገበያው ወጥቷል። በእኛ ሙያ ግን ዛሬም አለ። አንዱ «ሦስት ዓመት»፣ ሌላው «አራት»፣ ሌላው «ስድስት» ሲለን፣ በማን ክንድ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

እስቲ አስቀድመን የዓለሙን ሁኔታ ባጭሩ እንመልከት። በህንድ የጥርስ ሕክምና ዲግሪ ያለው ሰው በዚህ ዘርፍ የሚሰጠውን የማስተርስ ሥልጠና በ3 ዓመት ይፈጽማል። በአሜሪካ ሥልጠናው ቢያንስ 48 ወራት ሲሆን ሁለት ዓይነት መልክ አለው። አንደኛው በ4 ዓመት የስፔሻሊቲ ምስክር ወረቀት የሚሰጥበት ነው። ሁለተኛው በአብዛኛው 6 ዓመት የሚፈጅ ሆኖ፣ በመካከሉ የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ የሚጨመርበት ነው። በእንግሊዝና በጀርመን ደግሞ ሠልጣኙ የጥርስ ሕክምናንም አጠቃላይ ሕክምናንም እስከ ዲግሪ መማር ይጠበቅበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ብቻውን 5 ዓመት ያህል ይወስዳል።

ከዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የሙያ ብቃት መመሪያ፣ «የአፍ ቀዶ ሕክምና» ቢያንስ 3 ዓመት የሚፈጅ የጥርስ ሐኪም ስፔሻሊቲ ሆኖ ተመዝግቧል። ሁለቱንም ዲግሪ የሚጠይቀው «የጥርስ፣ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና» ግን በሐኪሞች ስፔሻሊቲ ውስጥ ተቆጥሮ ቢያንስ 4 ዓመት ተደርጎለታል። በስም ረገድ ልዩነቱ የሁለት ሦስት ቃላት ነው። በሥራ ረገድ ግን የፊተኛው በአመዛኙ የተቀበረ ጥርስ ለሚያወጣ፣ የመንጋጋ ከረጢት ለሚያጸዳና ኢምፕላንት ለሚተክል ባለሙያ የሚሰጥ ሲሆን፣ የኋለኛው የተሰበረ ፊት የሚያቃና፣ ዕጢ ያለበትን መንጋጋ ቆርጦ የሚተካ ሰው ያወጣል። እንግዲህ በአውሮፓ የሚሰጠው የ3 ዓመት የአፍ ቀዶ ሕክምናና ስብራትንም ዕጢንም የሚጨምረው የህንድ የ3 ዓመት ሥልጠና ቁጥራቸው አንድ ነው፤ ጨርቁ ግን አንድ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ሙያችን በጥርስ ሕክምናና በቀዶ ሕክምና ድንበር ላይ የተወለደ በመሆኑ ነው። ለዚህ አንድ የታሪክ ምስክር ልጥራ። ቫራዝታድ ካዛንጂያን የተባለ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ተሰዶ በፋብሪካ ሠራተኛነት የኖረ አርመናዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ከሐርቫርድ በጥርስ ሐኪምነት ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ከሐርቫርድ የሕክምና ጓድ ጋር ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ፣ መንጋጋቸው በጥይትና በቦምብ ለተሰባበረ ብዙ ወታደሮች ፊታቸውን መለሰላቸው። ዝናውም ገነነ። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን በዚህ ሳይኩራራ እንደ ገና ተማሪ ሆኖ፣ ዕድሜው ከ40 ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1921 የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪውን ተቀበለ። ሁለቱን ዲግሪዎች በአንድ ሥልጠና ውስጥ ያጣመረው መንገድ የተጀመረው ከዚያ ከ50 ዓመት በኋላ ነው። ዋልተር ጉራልኒክ በሐርቫርድና በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1971 አቋቋመው። የሆነ ሆኖ እስከ ዛሬ ድረስ በአሜሪካ የ4 ዓመቱም የ6 ዓመቱም ምሩቅ የሚቀመጡት ለአንድ ዓይነት የስፔሻሊቲ ቦርድ ፈተና ነው፤ ሙያው የሚፈቅድላቸው ሥራም አንድ ነው። እነርሱም ቢሆኑ ከ50 ዓመት በላይ ተከራክረው አንዱን ርዝመት ብቻ ትክክል ነው ብለው አልወሰኑም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

እስካሁን የተናገርሁት በመጻሕፍት የሚገኝ ነው። ይህን ጉዳይ በአእምሮዬ ያሰረጸው ግን አንድ ሌሊት ነው፤ ለእኔ የማያስመሰግን ቢሆንም ልንገራችሁ።

ገና ጀማሪ ሳለሁ በመርካቶ በአንድ አነስተኛ የጥርስ ክሊኒክ እሠራ ነበር። ወደ ውጭ አገር የ3 ዓመት የአፍ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና የምጠይቅበትን ማመልከቻ ጽፌ ጨርሼ፣ የቀረኝ መላኩ ብቻ ነበር። የመረጥሁበት ምክንያት ማጠሩ ነው። አባቴ አርጅተው ሱቃቸውን ለመዝጋት ተቃርበው ነበር፤ ከእኔ በታች ያሉት ሦስት ወንድምና እኅቶቼም ገና ተማሪዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ወደ ማታ በአውቶቡስ ተራ በተሸካሚነት የሚሠራ አንድ ጎልማሳ መጣ። አዲስ ሰው አልነበረም። ከሦስት ቀን በፊት የታችኛው መንጋጋው የመጨረሻ ጥርስ አሞት ሲመጣ፣ መድኃኒት ጽፌለት «እብጠቱ ሲጎድል ተመለስ፣ ያን ጊዜ እንነቅለዋለን» ብዬ ያሰናበትሁት እኔ ነበርሁ። አሁን አገጩ ሥር በግራና በቀኝ እንደ እንጨት ጠጥሮ አብጧል፤ ምላሱ ወደ ላንቃው ተገፍቷል፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ይህ ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1836 የገለጸው በሽታ መሆኑን አወቅሁ። የታችኞቹ የኋላ መንጋጋዎች ሥር ከአፍ ወለል ጡንቻ በታች ስለሚወርድ፣ መግሉ ወደ አንገት መንገድ ያገኛል። ሰውየውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የትንፋሽ መዘጋት ነው።

በታክሲ ይዤው ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድሁ። በድንገተኛ ክፍል በጀርባው ሊያስተኙት ሲሞክሩ ትንፋሽ አጥሮት ተፈናጥሮ ተነሣ። በአፉ ቱቦ እንዳይገባ አፉ አንድ ጣት እንኳ አያስገባም። እኔ የዚያን ጥርስ የሥር ብዛት፣ የነርቩን መንገድ፣ የደም ሥሩን ስም ሁሉ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት በእጄ ምን እንደምሠራ ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ የዕለቱ ተረኛ የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ደረሱ። ሕመምተኛው እንደ ተቀመጠ፣ ሳያስተኙት፣ አንገቱን ብቻ አደንዝዘው ነቅቶ እያለ የመተንፈሻ ቧንቧውን ከፈቱለት። ትንፋሹ ሲመለስ አገጩን ከሥር በግራና በቀኝ በጥተው መግሉን አፈሰሱ። ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «በል አንተ ደግሞ ጥርሱን ንቀል» አሉኝ። ነቀልሁት። እኔ ከሦስት ቀን በፊት ልሠራው ይገባኝ የነበረው ሥራ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ሌሊቱን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ ይህን የት እንደተማሩ ጠየቅኋቸው። «በሥልጠናዬ ጊዜ ወደ ሰመመን ሕክምና ክፍልና ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲመድቡኝ ዕድሜዬ በከንቱ አለፈ እያልሁ አማርር ነበር። እነዚያ ጥርስ ሳላይ የዋልሁባቸው ወራት ናቸው ዛሬ የሠሩት» አሉኝ። ሰውየው ተርፎ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንገቱ ላይ ጠባሳ ይዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ቤቴ ገብቼ ያመለከትሁበትን የ3 ዓመት ሥልጠና ዝርዝር እንደ ገና አነበብሁት። በሰመመን ሕክምና ክፍል የሚያልፍ አንድ ወር እንኳ አልነበረበትም። ማመልከቻውን አልላክሁትም። ወደ ሱቁ ሄጄ «አባባ፣ ሥልጠናው ሦስት መሆኑ ቀርቶ አራት ዓመት ይሆናል» ብዬ ስነግራቸው፣ ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ ጨርቅ የሚለካው ለሚለብሰው ሰው ነው፤ ሂድ» አሉኝ።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ እንመለስ። ለሥልጠና የሚያመለክት ወጣት ከዓመቱ ቁጥር በስተጀርባ ቢያንስ አራት ነገሮችን መመርመር ይኖርበታል።

አንደኛ፣ ወራቱ እንዴት እንደተከፋፈሉ ይጠይቅ። በአሜሪካ ከዝቅተኛው 48 ወራት ውስጥ ወደ 30 የሚሆኑት በራሱ በአፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲያልፉ ይደነግጋሉ፤ ከቀሩትም ውስጥ በሰመመን፣ በውስጥ ደዌና በአጠቃላይ ቀዶ ሕክምና ክፍሎች የሚያልፈው ጊዜ ተወስኗል። ስድስት ዓመት የሚፈጀውም ቢሆን የተጨመረበት ጊዜ በአመዛኙ የሕክምና ትምህርት ቤት ጊዜ ነው፤ በራሱ ክፍል የሚያልፈው ወር ከአራት ዓመቱ እምብዛም ላይበልጥ ይችላል። ሕክምና ትምህርት ቤት በሚያሳልፋቸው ዓመታት ደግሞ ሠልጣኙ ደመወዝ በማግኘት ፈንታ የትምህርት ክፍያ የሚከፍልበት ጊዜ እንዳለም መዘንጋት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሠልጣኙ በገዛ እጁ ምን እንደሚሠራ ይጠይቅ። ረዳት ሆኖ መሳቢያ መያዝና ቢላዋ ይዞ መምራት የተለያዩ ናቸው። ያለፈው ዓመት ምሩቃን የሥራ መዝገባቸው ስንት ስብራት፣ ስንት የመንጋጋ ዕጢ፣ ስንት ድንገተኛ የትንፋሽ ችግር እንደሚያሳይ ይጠይቅ። ብዙ ሠልጣኝና ጥቂት ሕመምተኛ ያለበት አምስት ዓመት፣ ጥቂት ሠልጣኝና ብዙ ሕመምተኛ ካለበት ሦስት ዓመት ሊያንስ ይችላል።

ሦስተኛ፣ በዚያ ሆስፒታል የሚታየው በሽታ ወደፊት የሚያክመው ሕዝብ በሽታ መሆኑን ይጠይቅ። በአሜሪካ ከምሩቃን ብዙዎቹ በግል ክሊኒክ የጥበብ ጥርስ ማውጣትና ኢምፕላንት መትከል ዋና ሥራቸው ይሆናል። ወደ እኛ ዘንድ የሚመጣው ግን በመኪና አደጋና በዱላ የተሰበረ መንጋጋ፣ ለዓመታት ሲያድግ ቆይቶ ፊትን ያዛባ አሜሎብላስቶማ፣ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ ነው። የድሆችን ልጆች ፊት የሚበላው ኖማም አለ፤ ይህን በሽታ የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር አገር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ነው። እንደ ፌሲንግ አፍሪካና ፕሮጀክት ሐረር ያሉ የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ባለፉት ዓመታት ለእነዚህ ወገኖቻችን የሠሩት ሥራ ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ ከውጭ የሚመጣ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይመለሳል። ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ የተተካው አጥንት ሲነቃነቅ ሕመምተኛው የሚመጣው ወደ የካቲት 12 ወይም በቅርቡ ወዳለው ሆስፒታል፣ ማለትም ወደ እኛ ነው። ሥልጠናው ለዚያ ቀን ያዘጋጀናልን?

አራተኛ፣ በመጨረሻ የሚሰጠው ወረቀት ሊሠራበት ባሰበው አገር ምን ዋጋ እንዳለው ይጠይቅ። ለምሳሌ በውጭ የሚኖሩ ወጣቶቻችን የአሜሪካውን «የ4 ዓመት» ሥልጠና ሲያስቡ፣ ብዙዎቹ ክፍሎች የአሜሪካ ወይም የካናዳ የጥርስ ሕክምና ዲግሪ እንደሚጠይቁ ይዘነጋሉ። ያን ዲግሪ በውጭ ለተመረቁ በተዘጋጀው አጭር መንገድ ለማግኘት 2 ወይም 3 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ በአሜሪካዊው ክንድ አራት የተባለው በእኛ ልጅ ክንድ ሲለካ ስድስት ወይም ሰባት ይሆናል። ወደ አገር ለመመለስ ለሚያስብም የማስረጃውን አቻ ግምትና የሙያ ፈቃዱን ጉዳይ ከመሄዱ በፊት መጠየቅ ይበጀዋል።

ስለ ምርጫ አሰጣጥም አንድ ቃል ልጨምር። በአሜሪካ አመልካቹ የመሠረታዊ ሳይንስ ፈተና ተፈትኖ፣ የ4ም የ6ም ዓመት ክፍሎችን በአንድ ዝርዝር በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ክፍሎቹም አመልካቾችን እንዲሁ ያስቀምጣሉ፤ ማዛመዱ በኮምፒውተር ይፈጸማል። በአገራችንም የሬዚደንሲ አመልካቾች በብሔራዊ ደረጃ ተፈትነው፣ ምርጫቸውን አስመዝግበው የሚመደቡበት ሥርዓት አለ። የአሜሪካው ዓይነት የማዛመድ ስልት ጌልና ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጡት ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ሻፕሊና ይህንን ለሐኪሞች ምደባ ያሻሻለው ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። በዚህ ስልት አመልካቹን የሚጠቅመው ይቀበለኛል ብሎ የገመተውን ማስቀደም ሳይሆን በእውነት የሚወደውን ማስቀደም ነው። ስድስት ዓመት ለመቀመጥ ያልቆረጠ ሰው «ለመጠባበቂያ» ብሎ የስድስት ዓመቱን አይጻፍ፤ ምደባው በዚያ ቢወጣ ስድስቱን ዓመት የሚኖረው እርሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው ረጅሙ ይሻላል ማለትህ ነውን?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እንዲያ አላልሁም። ረጅሙን መንገድ ሄደው፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችን በማይክሮስኮፕ መስፋት ተምረው፣ ሲመለሱ መሣሪያው የሌለበት ክፍል የጠበቃቸውን አውቃለሁ። በረጅሙ መንገድ ላይ ሳሉ ትዳር ይዘው፣ ዕዳ ገብተው፣ ሳይመለሱ የቀሩትንም አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። የእኔም አራት ዓመት ያለ ዋጋ አልተገኘም። አባቴ ያረፉት በሥልጠናዬ አራተኛ ዓመት መግቢያ ላይ ነው። የሦስት ዓመቱን መርጬ ቢሆን ኖሮ በዚያን ሰዓት እቤት ነበርሁ። ይህን ሒሳብ ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳሰላሁት እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ ትክክል ነበርሁ ብዬም ልምልላችሁ አልችልም። ልነግራችሁ የምችለው አንድ ነገር አለ፤ ከዚያ ወዲህ አገጫቸው ሥር እንደ እንጨት ጠጥሮ ያበጠ ሰዎች በሌሊት ሲመጡብኝ፣ እጄ ምን እንደሚሠራ ያውቃል።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወጣቶቻችን ዛሬ የሚመርጡት ከሰው ሰው በሚተላለፍ ወሬ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በአገር ውስጥም፣ በልዩ ልዩ የውጭ አገሮችም የሠለጠኑ ባልደረቦች አሉ። እያንዳንዳችን የሠለጠንበትን ጊዜ በወር ከፋፍለን፣ በእጃችን የሠራነውንና ሳንማር የቀረነውን ሳንደብቅ ጽፈን ብንሰጥ፣ ማኅበሩም በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ በየጊዜው ቢያወጣው፣ ለሙያችን ሜትር አበጀንለት ማለት ነው። ሳንማር የቀረነውን መጻፉ ከሁሉ ይከብደናል፤ ለአመልካቹ ከሁሉ የሚጠቅመውም እርሱ ነው። እኔ የራሴን ጽፌ አምጥቻለሁ፤ ከዚህ ስወርድ ለጸሐፊው አስረክባለሁ።